በብስክሌት መያዣነት ስለተገኘው የብር ድሪ

የምስክሩ ስም፦ ጓዴ በላቸው
ዕድሜ፦ 52 ዓመት (ምስክሩ "ሃምሳ ይበቃል" ቢሉም)
ሥራ፦ ብስክሌት ማደስና ማከራየት
አድራሻ፦ ቢቸና ከተማ፣ ከእህል ገበያው በላይ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኀሙስ ታኅሣሥ 13 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 3 ሰዓት
ቃሉን ተቀብሎ የጻፈው፦ ሃምሳ አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ስለ ጉዳዩ ከመናገሬ በፊት አንድ አቤቱታ እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ። ትናንት ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሱቄ ሲፈተሽ ከሌላው ዕቃ ጋራ የጎማ መንፊያዬ ተወስዷል። መንፊያው ማንንም አልገጨም፤ ከማንም አልሰረቀም። በከተማው ውስጥ ሌላ መንፊያ ስለሌለ ከትናንት ጀምሮ የቢቸና ጎማ ሁሉ ተንፍሶ ተኝቷል። ዛሬ ጧት ወደዚህ ስመጣ አንድ አስተማሪ ብስክሌቱን እንደ እንቢተኛ በግ በቀንዱ እየጎተተ ሲሄድ አይቻለሁ። ሃምሳ አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ "አቶ ጓዴ፣ ይህ ከጉዳዩ ጋራ አይገናኝም" ብለውኝ ነበር፤ ካልተጻፈ አልቀጥልም ስላልኩ ተጽፏል።

ወደ ጉዳዩ ስገባ፣ በዚህ ሥራ ስተዳደር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የመጀመሪያውን ብስክሌት ፈትቼ መልሼ ስገጥመው ሦስት ብሎን ተረፈኝ። ብስክሌቱ እስከ ዛሬ ይሄዳል፤ ብሎኖቹም የት ይገቡ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን ሦስት ብስክሌቶች አሉኝ። ብስክሌት የሚወስድ ሰው ሁሉ መያዣ ይተዋል፤ መያዣውም በሱቄ ግድግዳ ላይ በተመታው ሚስማር ይንጠለጠላል። ተማሪ ደብተሩን ወይም አንድ እግር ጫማውን፣ አስተማሪ ሰዓቱን፣ የገጠር ሰው ዱላውን ይሰቅላል። የንስሐ አባቴ እንኳ ለልጃቸው ብስክሌት የወሰዱ ጊዜ ጭራቸውን ሰቅለው ነው የሄዱት። ደንቤ አንድ ነው። ብስክሌቱ ሳይመለስ መያዣው ከሚስማሩ አይወርድም፤ ብስክሌቱ ሲመለስ መያዣው ለባለቤቱ ይሰጣል። ይህን ደንብ ለማንም አፍርሼው አላውቅም።

በኅዳር ወር መጨረሻ ከሞጣ በጭነት መኪና ሾፌር አፍ አንድ መልእክት መጣ። "ቢቸና እህልና ከብት እንጂ ነጂ የላትም" የሚል ነው። የላከው አካለ ወልድ የሚባል የ17 ዓመት የሞጣ ተማሪ ነበር። የእኛ ልጆች ይህን በሰሙ ጊዜ ከሱቄ በር አልጠፋ አሉ። እኔም ዝም ማለት ሲገባኝ "እውነቱን እኮ ነው፤ እናንተ የምትነዱት ብስክሌት ቆሞ ካለው ግንድ ጋራ ቢወዳደር ግንዱ ይቀድማል" እያልኩ አባባስኳቸው። በዚህ ጥፋተኛ መሆኔን አልክድም። በዚህም ምክንያት ውድድሩ ለእሑድ ታኅሣሥ 9 ቀን ተቆረጠ። አካለ ወልድ ቅዳሜ ማታ ብስክሌቱን በእህል መኪና ጣሪያ ላይ ጭኖ ገባ። ስናወርደው ከራሱ እስከ እግሩ ዱቄት የተነፋበት መስሎ አቧራ ለብሶ ስለነበር፣ "ሞጣ የላከችን ነጂ ነው ወይስ ለወፍጮ የመጣ ገብስ?" አልኩት። "ነገ ስፈጭ ታዩኛላችሁ፣ ጋሼ" አለኝ። ልጁን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ወደድኩት።

በተባለው እሑድ ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ ውድድሩ ከትምህርት ቤቱ በር ተነሣ። መንገዱ የከብት ገበያውን ዞሮ ቁልቁል እስከ ወፍጮ ቤቱ ነው። እኔ መድረሻውን ለማየት ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ከዚያ ሆኖ የከብት ገበያው ኩርባ በደንብ ይታያል። የእኛ ልጆች ያቆሙት የቢቸናው ነጂ ሰፊ ኮት ለብሶ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ነበር፤ ስለዚህ ፊቱን ያየ ሰው የለም። በዚህ ከተማ ከስልሳ የማያንሱ ልጆች መንዳት አስተምሬአለሁ፤ ኩርባ ላይ ያንን ያህል ጎንበስ ብሎ ሳይፈራ የዞረ ግን አላየሁም። ሃምሳ አለቃ "ይህን ያህል ማድነቅ ምን ያደርጋል?" ብለው ስለጠየቁኝ፣ ያየሁትን ተናገር ስለተባልኩ ነው የምናገረው ብዬ መልሻለሁ።

ግራዝማች ወልደ ኪዳን በዚያ ሰዓት ቅዳሴ አስቀድሰው በበቅሎ ሲመለሱ ኩርባው ላይ ደረሱ። ብስክሌቱ በቅሎዋን አልነካም። ነጂው ደወሉን ቢደውል በቅሎዋ ደንግጣ በሁለት እግሯ ቆመች፤ ግራዝማችም ወድቀው የቀኝ ትከሻቸው አጥንት ተሰበረ። የቢቸናው ነጂ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ አየ፤ ከዚያ በእኔ ፊት አልፎ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወዳለው የባሕር ዛፍ ጫካ ገብቶ ጠፋ። አካለ ወልድ ከኋላ ነበር። ብስክሌቱን ጥሎ ግራዝማችን አነሣቸው፣ በነጠላቸው ክንዳቸውን አሰረላቸው፣ በቅሎዋንም ሮጦ ያዘ። ግራዝማች በደህናው እጃቸው ኮሌታውን ጨምድደው "የጣለኝን ሳታመጣ ከእጄ አትወጣም" አሉት። የሸሸው ሸሸ፤ ያነሣቸው ልጅ ታሰረ።

ሰኞና ማክሰኞ በግራዝማች አቤቱታ አውጫጭኝ ተጠራ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ፣ ሴት ወንድ ሳይል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ጧት ገብቶ እስኪመሽ እንዲቀመጥ ተደረገ። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ከሜዳው መውጣት አይቻልም። እንደ ልማዱ በምስጢር የሚጠቁም ሰው፣ ወፍ የምንለው፣ ለሽማግሌዎቹ ሹክ እንዲል ተጠበቀ። ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐዩ ሲዞር አብረን ዞርን። ያልታለበች ላም ስትጮኽ ከሜዳው ሆነን እንሰማለን፤ ተነሥቶ መሄድ ግን የለም። ከዚያ ሁሉ ተማሪ አንድም ወፍ አልጮኸም። የእኅቴ ልጅ ይርገዱ ውበቴም ከእናቷ አጠገብ፣ ከእኔ ሦስት ክንድ ርቃ ተቀምጣ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ በዙሪያዋ ያለውን ሣር በጣቷ እየነቀለች አውድማ አስመስላው ነበር። ይህን የምናገረው ስለ ሣሩ ነው እንጂ ስለ ሌላ አይደለም።

ስለ ይርገዱ ስለተጠየቅሁ እመልሳለሁ። ዕድሜዋ 16 ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች። ለግራዝማች ወልደ ኪዳን ልጅ ታጭታ ሠርጉ ለጥር 14 ቀን ተቆርጧል። አባቷ መሪጌታ ውበቴ የሚያርሱት መሬት የግራዝማች ስለሆነ እንቢ የሚል ቃል በቤቱ ተሰምቶ አያውቅም። እሷንም የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኋትም። በዚህ ዓመት መጨረሻ የሚኒስትሪን ፈተና ብታልፍ ደብረ ማርቆስ ገብታ ለመማር ታስብ እንደነበር አውቃለሁ። ከሠርግ በኋላ ግን ፈተና የለም።

ማክሰኞ ማታ ከሜዳው ስንለቀቅ ለአካለ ወልድ ምሳውን ለእራት አድርጌ ወሰድኩለት። በጣቢያው የእስር ክፍል መስኮት በኩል "አንተ ገብስ፣ እንደምን አለህ?" አልኩት። "ጋሼ ጓዴ፣ ሞጣ ሰኞ ፈተና አለብኝ" አለኝ። የሚያውቀውን ተናግሮ ለምን እንደማይወጣ ብጠይቀው "ያሸነፈኝን ሰው ስም አልናገርም። ተሸንፌ ደግሞ አሳባቂ ልሁን?" አለኝ። ያመጣሁለትንም ሳይነካ ፊቱን አዞረ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዝም ብል የሰው ልጅ ይታሰራል። ብናገር ደግሞ... ሃምሳ አለቃ "ብናገር ምን?" ብለው ስለጠየቁኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ነው ብያለሁ። ውኃ ተሰጥቶኛል።

አውጫጭኙ ነጂውን ሳያወጣ ስለቀረ ትናንት በሱቄ በተደረገው ፍተሻ ከሚስማሩ ላይ ባለ ሁለት ረድፍ የብር ድሪ ተገኘ። ግራዝማች ድሪውን አንድ ቀለበቱ በመዳብ ከተጠገነበት አወቁት። ለይርገዱ በልጃቸው ስም የሰጡት የጋብቻ ማጫ ነው። በሱቄ በር ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ነጂዋ ምራቴ ከሆነች ጥርን አልጠብቅም። ነገ ማታ ቤቴ ትገባለች፤ ከገባችም ደጅ አትወጣም። ብስክሌት የለመደ እግር እኔ ቤት ተቀምጦ ይረሳል" አሉ። ካሳ አልፈልግም፤ ልጁም ይፈታ፤ ልጅቱ ብቻ ትምጣልኝ አሉ። መሪጌታ እዚያው ቆመው ነበር፤ መሬት መሬቱን አዩ።

ድሪው እንዴት ሱቄ እንደተገኘ ስጠየቅ፣ እንድወለውለው ተሰጥቶኝ ነው ብዬ መለስኩ። ሃምሳ አለቃ "ታዲያ ለምን ከመያዣው ሚስማር ላይ ዋለ?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም የምወለውለውን ሁሉ እዚያ እሰቅላለሁ አልኩ። "አቶ ጓዴ፣ በሱቅዎ ሁለት ብስክሌቶች ብቻ ተገኝተዋል። ሦስተኛው የት ሄደ? ብስክሌቱ ሳይመለስ መያዣው አይወርድም ያሉት እርስዎ ነዎት" ብለው የራሴን ቃል ከዚህ ወረቀት ላይ አነበቡልኝ። እውነታቸውን ነው። ድሪውን እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሚስማሩ አውርጄ ለእኅቴ ብመልስ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቀመጥም ነበር። እጄን ሁለት ጊዜ ዘርግቼ ሁለት ጊዜ መለስኩት። አሥራ አንድ ዓመት ያላፈረስኩትን ደንብ በዚያ ቀን ላፍርስ ማለት ከበደኝ። ሞኝነት ከዚህ አይበልጥም።

ሃምሳ አለቃ ብዕራቸውን አስቀምጠው "እንግዲያው ነጂዋ ይርገዱ ናት ብዬ ልጻፍ?" አሉኝ። እኔም ነጂው እኔ ነኝ አልኩ። ድሪውንም ያለ ማንም ፈቃድ ከእኅቴ ቤት ያነሣሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሃምሳ አለቃ ሆዴን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ቀጥለውም "ግራዝማች ነጂው ቀጭን ነው ብለዋል" አሉኝ። ከእሑድ ወዲህ በጾም ምክንያት ወፍሬ ነው አልኩ። "ከላይ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ አየሁ ብለዋል" አሉኝ። ፈጥኜ ደርሼ ቆምኩ አልኩ። በመጨረሻም "አቶ ጓዴ፣ ልጄን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። ሁልጊዜ ኮርቻዋን ይዘው ከኋላ ሲሮጡ አይቻለሁ። እርስዎ ግን ሲነዱ አላየሁም" አሉኝ። እንግዲያው ብስክሌት ይሰጠኝና ነድቼ ላሳይ አልኩ።

ከጧቱ 4 ሰዓት ከ30 ላይ ቃሌን በተግባር እንዳስረዳ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ወጣን። የአካለ ወልድ ብስክሌት ተሰጠኝ። ግራዝማች ክንዳቸውን አንገታቸው ላይ አስረው ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። አካለ ወልድ በመስኮቱ ያያል። በዚህ ጊዜ በቢቸና ማንም ያላወቀብኝን ነገር ልናገር ተገደድኩ፤ ብስክሌት መንዳት አልችልም። ስልሳ ልጅ ሳስተምር አንድ ቀንም ኮርቻው ላይ አልወጣሁም። መውደቅ እፈራለሁ። ቢሆንም አንዱን እግሬን አነሣሁ። "ኮርቻውን የሚይዝልኝ ሰው ይሰጠኝ" አልኩ። አካለ ወልድ፣ ቀልዴን ከተማሪዎቹ ሰምቶ ኖሮ፣ በመስኮቱ "ጋሼ፣ ግንዱ እየቀደመዎት ነው" ሲል ሰማሁ።

በዚህ መካከል የግቢው በር ተንኳኳ። ዘበኛው ሲከፍት ይርገዱ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ ሦስተኛውን ብስክሌቴን እየገፋች ገባች። ሁለቱም ጎማዎች ተንፍሰው ነበር። ከእህል ገበያው ጀምሮ በከተማው መካከል፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ገፍታ አመጣችው። ከኋላዋ የተከተለው የከተማው ሰው ሁሉ ከበሩ ውጭ ቆመ።

"አጎቴ፣ እግርዎን ያውርዱ" አለችኝ። "ነድቼው ልመጣ ሱቅዎ ብሄድ መንፊያ የለም።"

ሃምሳ አለቃን እጅ ነሥታ የእሑዱ ነጂ እሷ መሆኗን ተናገረች። ቀጥላ ወደ አግዳሚው ሄዳ ከግራዝማች ፊት ቆመች። "ስለ ትከሻዎ ይቅር ይበሉኝ። ቆሜ ላነሣዎ ሲገባ ሸሽቻለሁ" አለቻቸው። እሷም ወደ እኔ ዞራ ብስክሌቱን አስጨበጠችኝ።

"ብስክሌቱን መልሻለሁ" አለች። "መያዣውን ለባለቤቱ ይስጡልኝ።"

እኔም እንደ ደንቤ ሰንሰለቱን፣ ፍሬኑንና ደወሉን አየሁ። ከጎማው በቀር ጉድለት የለውም። ይርገዱም እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ነበር። ሃምሳ አለቃን ድሪውን ከጠረጴዛው እንዲያመጡልኝ ለምኜ ወሰድኩና በግራዝማች ፊት ዘረጋሁት።

ቃሌ እዚህ ላይ ቆሟል። የተጻፈውን ሃምሳ አለቃ አንብበውልኛል፤ አላመንኳቸውምና ራሴም አንብቤዋለሁ። ድሪውን ልወለውለው ነው፣ ድሪውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ነጂው እኔ ነኝ ካልኳቸው ሦስት ነገሮችና እነሱን ለማስደገፍ ከጨመርኩት በቀር ሁሉም እውነት ነው። ሦስቱ ግን እንዳይሰረዙ እጠይቃለሁ፤ ሐሰት መሆናቸውን አምኜ ፈርሜባቸዋለሁ።

ምስክር፦ ጓዴ በላቸው (ፊርማ)
ቃሉን የጻፈው፦ ሃምሳ አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ በዚሁ ቀን ከጧቱ 5 ሰዓት የይርገዱ ውበቴ ቃል በሌላ ወረቀት ተጀምሯል። አካለ ወልድ ተፈቶ ብስክሌቱን ተረክቧል። የጎማ መንፊያው ለአቶ ጓዴ በላቸው ተመልሷል። የብር ድሪውን ግራዝማች ወልደ ኪዳን እስከዚህ ሰዓት አልተቀበሉም፤ ምስክሩም ድሪውን የዘረጉበትን እጃቸውን አላጠፉም፤ የፈረሙትም በሌላው እጃቸው ነው።