የጠገበ አይሰርቅም

ጸዮን ለቅሶ ቤቱ ስትገባ ከአቶ ገብረክርስቶስ ጎን ያለው ወንበር ብቻ ክፍት ነበር፤ እዚያ ተቀመጠች። ወንበሩ ባይለቀቅ ኖሮ ሁለቱ «እግዚአብሔር ያጽናዎ»፣ «አሜን ልጄ» ከመባባል አልፈው ባልተነጋገሩ ነበር።

ልጅቱ ሥራ በያዛት እናቷ ፈንታ ምግብ ልታደርስ ነው የመጣችው። ቶሮንቶ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ የምትማር፣ አማርኛዋን ግን ያልጣለች ልጅ ናት። አቶ ገብረክርስቶስ ደግሞ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ እስከ ጡረታቸው መኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የሞተባቸው ታናሽ ወንድማቸው በርናባስ ነው። በርናባስ ከካናዳ ድንበሩን ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ኦሃዮ ውስጥ በፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ የሕክምና ኢንሹራንሱም አብሮ ተቋረጠ። ስኳር በሽታ ነበረበትና ኢንሱሊኑን እያብቃቃ ሲወጋ ከርሞ ሞተ። ሽማግሌው በጉልበት ሕመም ምክንያት ሄደው ሊቀብሩት ስላልቻሉ ቶሮንቶ ፓርክዴል ሰፈር ባለው አፓርትመንታቸው ለቅሶ ተቀመጡ።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ሲለቀስ ብቻ አይዋልበትም፤ ወሬ ይመጣል። ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ የአሜሪካ ምርጫ ነበር። አንደኛው ተወዳዳሪ ፋብሪካ እየገዛና እየሸጠ የከበረ ባለጠጋ ነው። ሁለተኛዋ የአስተማሪ ልጅ መሆኗን በየመድረኩ የምታነሳ አገረ ገዥ ናት።

«የበርናባስ ሚስት ጠዋት ደውላልኝ ነበር» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ። «አሰፋሽ ትባላለች። ከእንግዲህ የቤቱ ታላቅ እርስዎ ነዎት፣ ማንን ልምረጥ አለችኝ። ባለጠጋውን ልላት ነው። የጠገበ አይሰርቅም። የራበው ሲሾም መጀመሪያ ሆዱን፣ ቀጥሎ ዘመዱን ነው የሚያጠግብ። ይህን በአገራችን አይተናል።»

ጸዮን ጥቂት አመነታች። «አባባ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ ልጄ።»

«የጠገበ ሰው በቃኝ ሲል አይተዋል?»

«ጥቂት አይቻለሁ። በቃኝ የሚል ድሃ ግን ከዚያም ያነሰ ነው ያየሁት።»

«እውነትዎን ነው» አለች። «ድህነትም ብቻውን ማንንም ጻድቅ አያደርግም። ያቺ የአስተማሪ ልጅም ባንኮች ጋ ሄዳ ንግግር እያደረገች ብዙ ተከፍሏታል። ምን እንዳለቻቸው ስትጠየቅ ዝም ነው ያለችው። ለእሷ ጠበቃ አልቆምም።»

«ታዲያ ምን ለይተሽ ነው እሱን የምትቃወሚው?»

«ሀብቱ ከየት እንደመጣ፣ ቃል የገባው ሕግ ደግሞ የማንን ኪስ እንደሚሞላ እንጠይቅ ነው የምለው። ታክሱን ለሕዝብ አላሳይም ብሏል። የሀብታሞችን ታክስ እቀንሳለሁ ይላል፤ ራሱ ከእነሱ አንዱ ነው። ይህን ማንም ስርቆት አይለውም አባባ። የሚጎድለው ግን ከሠራተኛው ጓዳ ነው።»

«ሀብታም ባይኖር ማን ይቀጥረን ነበር? እኔን የቀጠረኝ ድሃ አይደለም።»

«ልክ ነዎት። ሀብታም ሁሉ ክፉ ነው ካልኩ እኔም ተሳስቻለሁ።»

የሽማግሌው ክርክር የሞኝ ክርክር አልነበረም። ሹም ሁሉ ሲዘርፍ አይቶ ያደገ ሰው፣ አንድ የጠገበ ሰው ባገኘሁ ብሎ ቢመኝ አይፈረድበትም። ችግሩ፣ የሰውየውን ኪስ ሲያዩ ኖረው አፉን አለመስማታቸው ነበር።

«ስለተዘጉት ፋብሪካዎች የተናገረውን ሰምተዋል?» አለች ጸዮን፣ ስልኳን እያወጣች። ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆኗ ትዝ አላትና ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። «ይቅር፣ ሶሪ። ቦታው አይደለም።»

«ከጀመርሽማ ጨርሺው።»

ቪዲዮውን ከፈተችላቸው። ባለጠጋው ለምርጫው ገንዘብ ከሚሰጡት ሰዎች ጋር እራት ላይ ቆሞ ይናገራል። ጸዮን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተረጎመችላቸው፦ «ፋብሪካ መዝጋት ጥርስ እንደማስነቀል ነው። ጥቂት ያማል፤ በሳምንቱ ይረሳል።» ከዚያ አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

አቶ ገብረክርስቶስ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «አፍ ያመልጣል» አሉ። «በአንድ ቃል ሰው አይፈረድበትም።»

«አፉ ያመለጠው ሰው ይቅርታ ይላል። እሱ በማግስቱ ሲጠየቅ ቆርጠው ነው ያቀረቡብኝ አለ እንጂ ተሳሳትኩ አላለም። አባባ፣ ሀብቱ ምን እንዳለው ነው የሚነግረን። ስለ ኑሮ ሲናገር ግን ማን እንደሚታየው እናውቃለን። ያን ሲናገር ጋሽ በርናባስ አልታዩትም።»

የሟቹ ስም ሲጠራ ጥግ የተቀመጡት ሴቶች ወደ እነሱ ዞሩ። ሽማግሌው «ሳቁን ድገሚልኝ» አሉ። ደገመችላቸው። ከዚያ ለአሰፋሽ እንድትደውልላቸው ለመኗት።

አሰፋሽ ንግግሩን ቀድማ ሰምታዋለች። «በርናባስም ሰምቶታል ጋሼ» አለች። «እሱም ከሰዎቹ ጋር ሳቀ። ሀብታም እንዲህ በድፍረት ነው የሚናገረው አለኝ። ያኔ ኢንሱሊኑን ማብቃቃት ጀምሮ ነበር። አሁን እሱ የወደደውን ባልመርጥ የከዳሁት አይመስልብኝም?»

አቶ ገብረክርስቶስ ይህን አልጠበቁም ነበር። ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው መለሱላት።

«አልከዳሽውም። በርናባስ ሰውየውን የወደደው አንድ ቀን እንደ እሱ እሆናለሁ ብሎ ነው። እኔም ከዚህ የተለየ አላሰብኩም። ሀብታሙን ስንመርጥ ሀብቱ የሚጋባብን ይመስለናል። አልተጋባብንም አሰፋሽ። ማንን እንደምትመርጪ አልነግርሽም። ሥራ ያጣ ሰው ሲታመም ማን ያሳክመው እንደሆነ ሁለቱም የተናገሩትን ስሚ፤ ከዚያ ራስሽ ወስኚ።»

አሰፋሽ ባለጠጋውን አልመረጠችም። እሱ ግን አሸነፈ፤ የሚበልጠው ሕዝብ የጠገበ አይሰርቅም ብሎ ነበርና። ደውላ «የእኔ ድምፅ ታዲያ ምን ፈየደ?» ስትላቸው፣ አቶ ገብረክርስቶስ የሚያጽናና ውሸት አልነገሯትም። «እስካሁን ምንም» አሏት። «መጠየቁን ግን አትተይ።»

አልተወችም። በሚቀጥለው ዓመት አሰፋሽ ለምትኖርበት ከተማ ምክር ቤት የሚወዳደሩ ሰዎች ሕዝቡን ሲሰበስቡ፣ የተዘጋው ፋብሪካ ሠራተኞች ሚስቶች ከእሷ ጋር ሄዱ። የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ቤትና መኪና ሲወራ እነሱ ስለ መድኃኒት ጠየቁ፤ መልስ ያልሰጣቸውን አልመረጡም። በሁለተኛው ክረምት፣ የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ ያጣ ሰው በርካሽ የሚታከምበት ትንሽ ክሊኒክ ከፈተ። መራጭ የተወዳዳሪውን ሀብት ማድነቁን ትቶ ስለ ራሱ ኑሮ ሲጠይቅ የሚያገኘው ጥቅም ይህን ያህል ነው፤ ትንሽ ነው፣ ዘግይቶም ይመጣል።

በሩ በተከፈተ ቀን ከተሰለፉት አንዱ ከበርናባስ ጋር በአንድ ማሽን ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ነበር። ኢንሱሊኑን ይዞ ሲወጣ አሰፋሽን በር ላይ አገኛት። ምን እንደሚላት ጨንቆት ኮፍያውን አወለቀ። እሷም «በል ቶሎ ቤትህ ግባ፤ መድኃኒቱ ፍሪጅ ይፈልጋል» አለችውና ወደ ቤቷ ሄደች።