ጀልባው ዳር ይቁምልኝ

ከወረታ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት የቁሐር ሚካኤል ነዋሪ የሆኑ አንዲት እናትና አንድ ወጣት መምህር ናቸው። መምህሩ ቅዳሜ ከሁለት ሴት ባልደረቦቹ ጋር የጣናን ደሴቶች አይቶ ሊመለስ መሆኑን በስልክ ሲያወራ እኚህ እናት ሰሙት።

«የትኞቹን ነው የምታዩት፣ የኔ ልጅ?»

«ሦስት ነበሩ እማማ። አንዱን ተውነው፤ ሴት አይገባበትም።»

«ልጄ እዚያ ነው። ከመነኮሰ አራት ዓመቱ።»

«አይተውት ያውቃሉ?»

«በምን ጀልባ? እሑድ እሑድ ይቀድሳል ብለውኛል።»

«ቢሄዱስ አይገቡ፣ እማማ።»

«መግባቱን ማን ጠየቀ? ጀልባው ዳር ቢቆምልኝ ድምፁን እሰማለሁ። ልጅ ሆኖ ከሩዛችን ወፍ ሲጠብቅ ከማዶ እለየው ነበር። ያኔስ ዜማው አያምርም፤ ወፉም ጎረቤቱም ነበር የሚሸሽ።»

መምህሩ ሳቀ።

«እኔ ገብቼ ላስጠራልዎ።»

«ተው፣ ተው። ዓለምን ትቶ የሄደ ሰው ነው። እናትህ መጣች ብለህ ልቡን እንዳትከፍልብኝ።»

መምህሩ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ጉዞው እሑድ ሆኗል። አዎ፣ ለቅዳሴ እንድንደርስ ማልደን ነው የምንነሣው። አንድ እናት ጨምረናል።»

«ሴቶቹ ቅር አይላቸውም?»

«እነሱም ከእርስዎ ጋር ጀልባው ላይ ይቆያሉ።»

«እንግዲያ ዳቦ ጋግሬ እመጣለሁ» አሉ።

ሐሙሲት መውረጃዬ ሲደርስ «ለአንዲት ሌላ ሴት ቦታ ይኖራችኋል?» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ፣ ሳልጠይቅ ወረድኩ።