ከፍሬዛው የተፈታው ማሰሪያ

ጓድ ሻምበል ኃይለመስቀል፣ ክቡራትና ክቡራን የመሣሪያ ጥገና ክፍል ባልደረቦቼ፤ ስላረዳችሁልኝ በግ፣ በዚህ በጎባ ብርድ ለጡረታ ሽኝቴ ስለተሰበሰባችሁልኝም ከልብ አመሰግናለሁ። "ጓዶች" ማለት ነበረብኝ። ግን ግማሾቻችሁን የሞረድ አያያዝ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝና ልጆቼ ብዬ ብጠራችሁ ቅር ይላችኋል?

ጠዋት ስጦታችሁን ከጨርቁ ስገልጠው ክው አልኩ። ጫሊ፣ "ጋሼ ደስ ብሏቸው እንባቸው መጣ" ስትል ሰምቼሃለሁ። ደስታ አልነበረም ልጄ። የሥራ ጓደኛዬን የሁንዴን ማሰሪያ ከፍሬዛው ላይ ፈትታችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ ሰጣችሁኝ!

አዲስ ለገባችሁት ልንገራችሁ። የጠብመንጃ አፈሙዝ ክብ ነው። የማነጣጠሪያውን ቦታ በመፋቂያው ማሽን በፍሬዛው ለመፋቅ ሞርሳ ላይ ብታስረው ይዞርብሃል፤ ብታጠብቀው ይጎዳል። ሳይጎዳው የሚይዝ ማሰሪያ ደግሞ ተገዝቶ የት ይገኛል? የሚሊሺያው ምንሽርና ቤልጅግ በር ላይ ተከምሮ ይጠብቃል። ሁንዴ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ከተገለበጠ የጭነት መኪና ብረት ቆርጦ ይህን ሠራ።

የዚያን ቀን ውሃ ልክ አስቀመጥኩበትና ሳቅኩ። "ሁንዴ፣ ይሄ እኮ ጠማማ ነው!"

"ፍሬዛውስ?" አለኝ። "ጠረጴዛው አርጅቶ ወደ ግራ አዘምሟል። ሁለቱ ተስማምተው ይኖራሉ፤ እርስዎ ምን አገባዎት ጋሼ?"

ከሥሩ የሳርዲን ቆርቆሮ እየሸጎጠ አስተካከለው። ከዚያ ወዲያ እሱ ብሎን ያጠብቃል፣ እኔ እጀታ አዞራለሁ። ስቸኩልበት "ሱታ ጋሼ፣ ሱታ! ቀስ!" ይለኛል። አፈሙዙን የወለደው ይመስል ነበር።

ሁንዴ ወደ ሰሜን ከዘመተ አምስት ዓመት አለፈው። ወሬው የለም። ይናፍቀኛል። አፍ አውጥቼ ተናግሬው አላውቅም፤ ዛሬ ተናገርኩት። እጀታውን ባዞርኩ ቁጥር "ሱታ" እስኪለኝ እጠብቃለሁ።

ባለቤቱ ማናልበሽ ይችውላችሁ፣ እዚህ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። በየበዓሉ ዋዜማ ትመጣለች። ስለ እሱ አትጠይቀኝም። በር ላይ ቆማ፣ "ጋሼ ገብረ መድኅን፣ ማሰሪያው አለ?" ትለኛለች።

"አለ" እላታለሁ።

ይኸው ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ትሄዳለች። ሰውየው ሲመለስ የሚቆምበት ቦታ እንዳለው አወቀች ማለት ነው። እኔም በዚያች "አለ" ነው የኖርኩት።

ታዲያ ናዝሬት ከተማ ልጄ ቤት ወስጄ ምን ላደርገው ነው? ቡፌ ላይ ላስቀምጠው? ከዚህ ካረጀ ፍሬዛ በቀር የትም ቢታሰር አይረባም። እኔስ ብሆን? በዚያ ሙቀት ካፖርቴን አውልቄ ማን እንደምሆን እንጃ። የባቱን ተራራ ጉም፣ የዘይቱን ሽታ፣ የእናንተን ጭቅጭቅ ከየት አመጣለሁ?

ቅድም ምሳ ሲቀርብ የጠፋሁት ሽንት ቤት መስሏችሁ ይሆናል። ሻምበልን አስፈቅጄ፣ ማሰሪያውን ይዘን ከጫሊ ጋር ወደ ሥራ ክፍል ሾልከን ነበር። የሳርዲን ቆርቆሮዎቹን ከቆሻሻ ጋር ጥላችኋቸው ኖሮ፣ ጎንበስ ብለን አንድ በአንድ ለቀምናቸው። ማሰሪያውን ፍሬዛው ላይ መልሰን ጫሊ ብሎኑን ሲያጠብቅ "ሱታ" አልኩት። ድምፄ የሁንዴን መሰለኝ።

ፍቅራችሁን ይዤ እሄዳለሁ፤ ብረቱ እዚሁ ይቅር። የዘመተውን በሰላም ይመልስ። ጣቶቻችሁን ከመቁረጫው ይጠብቅ፤ እኔ ካየሁት የተሻለ ዘመን ያሳያችሁ። የጠገናችሁት ጠብመንጃ ሁሉ ሳይተኮስ ይዛግ፤ ጓድ ሻምበል፣ ይቺን እንዳልሰሙ ይሁኑልኝ። ነጋቲ፣ ደህና ሁኑ ልጆቼ።

ማናልበሽ፣ ከእንግዲህ ስትመጪ ጫሊን ጠይቂው። ዛሬን ግን እኔ ልመልስልሽ። ቀለሙ አልደረቀም እንጂ፣ ማሰሪያው አለ።