ሐበሻ አይደለሁም ያልኩበት ምሳ

በሁዳዴ ሥጋ አማረኝ እላችኋለሁ። በምኖርባት የአሜሪካ ከተማ፣ አውሮራ፣ የሚያውቀኝ ሰው ስለማይጠፋ አንድ ሰዓት ነድቼ ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ባርቤኪውና ኬጀን የሚሉት የሉዊዚያና ምግብ የሚሸጥበት ቤት ገባሁ። የጎድን ጥብሱን በእጄ ይዤ ሳለሁ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ፈገግ ብሎ አጠገቤ ቆመ።

«እህቴ፣ ሐበሻ ነሽ አይደል? አብረን እንብላ?»

ደንግጬ በእንግሊዝኛ «አይደለሁም፤ የምትለውም አልገባኝም» አልኩት።

ይቅርታ ጠይቆኝ ከኋላዬ ተቀመጠና ሚስቱ ጋ ደወለ። «የእኛ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሆዴ፤ አይደለችም። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን በላሁ» አላት። እኔም ብቻዬን መብላት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ዞር አላልኩም።

ሥጋ መብላቴን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። የሰውየውን ነገር ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።