ጀርባው ፊቱን የቀደመ ሸክላ

ሚስ ትሬድዌል መዝሙር ሲያስተምሩን አንድ ሕግ ነበራቸው፤ «አጠገብህ የቆመው ሲዘምር ካልሰማኸው፣ የጮኽኸው አንተ ነህ።» ሕጉን የጣሰ ልጅ ከፊት ረድፍ ተነሥቶ ከሁሉ ኋላ ይቆማል፤ በበዓሉም ቀን ስሙ አይጠራም... ቀስ በል ሉሺየስ፣ አገጬ ላይ ያለችውን ጠባሳ ታውቃታለህ። ቅዳሜ የሜምፊስ ወንድ ሁሉ ለነገው ቤተ ክርስቲያን ጢሙን የሚያስተካክለው እዚህ አይደል? ይኸው የጎን ወንበሩ ደንበኛህም ፊቱን በትኩስ ፎጣ ሸፍኖ ጸጥ ብሏል። ተኝቶ ከሆነ ድምፄን ዝቅ ላድርግ።

ሕጉ ለምን ትዝ አለኝ? ሬዲዮህ ከመዘምራኔ የወጣችውን የአርኔታን ዘፈን ስለለቀቀው ነው። የመዘምራን መሪ ሆኜ ባረጀሁበት ዘመን ያንን ሕግ ሳላስተምረው የለቀቅሁት ልጅ የለም። ሁሉም ገብቶታል ልልህ ግን አልደፍርም።

አንድ ለጋስ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን መጥራት ምን ያደርግልኛል? ዘፋኝ ነው፤ አርኔታ ከአጃቢ ድምፃውያኑ አንዷ ነበረች። ሸክላ ሲያወጣ ፊቱን ለራሱ ዘፈን ያዘ፤ ቫዮሊን ጨመረ፣ መለከት ጨመረ፣ መለከቱ እንዳይሰማ ደግሞ ራሱን ጨመረ። ጀርባው ባዶ ከሚቀር ብሎ ለእሷ ሰጣት። ይህ ቸርነት አይደለም? አንድ ጊዜ ዘፍና ወጣች። የእሱ ስም በትልቁ ታተመ፤ በእሷ በኩል ግን... «ከአጃቢ ጋር» የሚል ብቻ ተጻፈ። ትሕትናዋን ሊጠብቅላት ይሆናል። ሰው ሲታበይ ማየት አይወድም፤ ሌላ ሰው ሲታበይ ማለቴ ነው።

የከሰዓት በኋላው የሬዲዮ ሰው ሸክላውን ገልብጦ፣ የአርኔታንም ስም ጠርቶ አጫወተው። እንደገና አጫውት እያለ የማይደውል ጠፋ። የለጋሱ ሰው ዘፈን ከመቶዎቹ ተወዳጅ ዘፈኖች ዝርዝር ግርጌ ብቅ አለና በሳምንቱ ወረደ... ከፍታ የማይስማማው ሰው አለ፤ ጤናውን መጠበቁ ነው። ጀርባው ግን ወጣ። በዚያው ሸክላ አንዱ ጎን ሲሰጥም ሌላው ሲንሳፈፍ አይተህ ታውቃለህ?

ሌላ ሰው ቢሆን ባርኔጣውን አንሥቶ እንኳን ደስ አለሽ ይላት ነበር። እሱ ግን አሳቢ ነው። የሬዲዮ ሰዎች በመገልበጥ እንዳይደክሙ ብሎ፣ በሁለቱም ጎን የራሱ ዘፈን ያለበት ሸክላ አሠርቶ እንዲላክላቸው አዘዘ። ለሬዲዮ እንዲህ ማድረግ የሙያው ልማድ ነው። ለሬዲዮ ብቻ ማለቱን ግን ከጥድፊያው ብዛት ዘነጋው፤ ፋብሪካውም ለየሱቁ አደለው። እስቲ አስበው ሉሺየስ፤ ባለቤትህ አርኔታን ብላ ገዝታ ቤት ገባች። መርፌውን አሳረፈች፤ እሱ። ገለበጠችው፤ አሁንም እሱ። አንዲት ባልቴት ለሸክላ ሻጩ መልሰውለት፣ «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ቤቴ ገብቶ አልወጣም አለኝ» አሉት ይባላል። ከራሱ በቀር ሌላ ጓደኛ የማያስፈልገው ሰው ምንኛ የታደለ ነው...

ከዚያ በኋላማ ሰው የከለከሉትን ሲፈልግ ምን እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ። ትክክለኛው ሸክላ ሱቅ ሲደርስ ሰልፉ ጎዳናውን ዘጋው፤ ጀርባውም ከዝርዝሩ የመጀመሪያዎቹ አሥር መካከል ገባ። እሷን ያን ያህል የረዳት ወዳጅ አላውቅም።

ፎጣው ተንቀሳቀሰ ልበል? ሙቀቱ ይሆናል። ተወው፣ ይረፍ።

ዛሬ ጠዋት አርኔታ ቤት ነበርኩ። የሸክላ ኩባንያው አዲስ ውል አምጥቶላታል፤ የሸክላው ፊት የእሷ ነው፣ ስሟም በትልቁ ይጻፋል። ጀርባው ለማን ይሁን ብለው ጠየቋት። ለጋሱ ሰው ሌላ ሸክላ እንዲያወጡለት ጠይቆ ከኩባንያው መልስ እየጠበቀ መሆኑን ስለምታውቅ፣ «ለእሱ ስጡት፤ እባካችሁ ስሙንም ጻፉለት» አለቻቸው። እኔ ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ አላፈርኩባትም። ጀርባውን ሰጡት። ስሙን ግን... ምን ታደርጋቸዋለህ፣ ሥርዓት አክባሪዎች ናቸው። በጀርባ የሚዘፍን ሰው ስም እንደማይጻፍ ያስተማራቸው እሱ ራሱ አይደል? «ከአጃቢ ጋር» ብለው ወደ ማተሚያ ቤት ላኩት። የኋላ ረድፍ፣ ስምም ሳይጠራ። ሚስ ትሬድዌል በሕይወት ቢኖሩ ከዚህ የተለየ አይፈርዱም ነበር።

እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሰው ተቀጥቶ ሳይመረቅ አልሄድም። ምላጩን አስቀምጠህ አሜን በልልኝ፤ ከፎጣው ሥር ያለውም ስለ ራሱ ነውና አሜን ይበል። ዕድሜውን ያርዝምለት። የአርኔታ ዘፈን በየሠርግ ቤቱ ሲዘፈን የሚሰማበትን ጆሮ ጤና ያድርግለት። በእሱ በኩል ያለው የሸክላው ጎንም... መርፌ ሳይነካው፣ አንዲት ጭረት ሳታርፍበት፣ ከፋብሪካ እንደወጣ እያበራ ለልጅ ልጆቹ ይድረስለት።