ሳይታዘዝ የሚመታ ልብ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት መባቻ፣ መሪጌታ እንዳላማው የልጃቸውን ሚስት ወለላን ወደ አባቷ ቤት ሊመልሷት ከይጁቤ አጠገብ ካለው መንደራቸው ተነሡ። ወለላ በክረምት ወንዝ ስትሻገር ደራሽ ውኃ ወስዷት በስንት መከራ ነበር የወጣችው። ከዚያ ወዲህ የወንዝ ድምፅ በሰማች ቁጥር ልቧ ይደልቃል፣ መዳፏ በላብ ይርሳል፣ ምራቋ ይደርቃል። ዘመድ ሁሉ «የወንዝ ጋኔን ለክፏታል፤ ከቤት ትውጣ» አለ። መሪጌታ እንደ ልጃቸው ቢወዷትም የዘመድ ቃል ከበዳቸው።

ጨሞጋ ወንዝ ዳር ሲደርሱ ወለላ እየተንቀጠቀጠች ተቀመጠች። እዚያው በቅሎውን ውኃ ያጠጣ የነበረው የጤና ረዳቱ ድሬሰር በሽር፣ የይጁቤው ጨርቅ ነጋዴ የያሕያ ልጅ፣ እጅ ነሥቶ ጠጋ አለ። መሪጌታም ነገሩን አጫወቱት።

«ባይቆጡኝ፣ ጋኔን አይመስለኝም» አለ በሽር። «በሰውነታችን ውስጥ እኛ ሳናዛቸው የሚሠሩ ነርቮች አሉ። ልብን፣ ሆድን፣ ላብን የሚያስተዳድሩ እነሱ ናቸው።»

መሪጌታ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ እኔ በዲማ ቅኔ የቆጠርሁ ሰው ነኝ። በገዛ ሥጋዬ ከእኔ ሌላ ማን ያዛል?»

በሽር ሳይመልስ፣ የዝንጀሮ መንጋ ከገደሉ አፋፍ የናደው ድንጋይ ተንከባልሎ አጠገባቸው ተፈረካከሰ። የስድሳ ዓመቱ ሽማግሌ እንደ ወጠጤ ዘለው ከወዲያ ቆሙ።

አቧራው ሲበርድ በሽር በአክብሮት እጃቸውን ይዞ የደም ሥራቸውን ዳሰሰ። «ልብዎን ‹ፍጠን› ብለው አዘዙት?»

«አላዘዝሁትም።»

«አፍዎስ?»

«ደርቋል። መዳፌም ረጥቧል» አሉና ወደ ወለላ ዞሩ። ለወራት ስትነግራቸው የከረመችው ይህንኑ ነበር።

«አንደኛው የነርቭ ወገን ቀስቃሽ ነው» አለ በሽር። «አደጋ ሲመጣ ልብን ያስሮጣል፣ የሆድን ሥራ ገታ አድርጎ ደሙን ወደ ጡንቻ ይልካል። ሁለተኛው አብራጅ ነው፤ ልብን ያዘገያል፣ ምራቅን ይመልሳል፣ ምግብን ያስፈጫል። የወለላ ቀስቃሽ ያን ጎርፍ አልረሳም። ድምፁን በሰማ ቁጥር ዳግመኛ የመጣ ይመስለዋል።»

«ነፍስንስ ወዴት ልታደርጋት ነው?»

«እርሷን እርስዎ ያውቋታል።»

መሪጌታ ጢማቸውን አሻሹ። «ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሕይወት ትሰጣለች ብለን ተምረናል። ማሰብና መናገሩን ስመረምር ኖርሁ እንጂ፣ ተኝቼ ሳለሁ ማን እንደሚያስተነፍሰኝ ጠይቄ አላውቅም። ይህ ነርቭ የምትለው ለሕያዊቷ መሣሪያ ይሆናታል። ግን ሳናዘው የሚሠራውን በምን እንገራዋለን?»

«በትንፋሽ። ትንፋሽ ሳናዘውም ይሄዳል፣ ስናዘውም ይታዘዛል። አየሩን ቀስ ብላ ስታወጣው አብራጁ ይነቃል። ወደሚያስፈራትም ነገር በጥቂት በጥቂቱ ትቅረብ።»

ወለላ አየር በአፍንጫዋ ሳበች። መሪጌታ ልኩን በዜማ ያዙላት፤ ዜማው እስኪያልቅ አየሩን አወጣች። ደጋግማ እንዲህ ካደረገች በኋላ ተነሥታ ወደ ውኃው ሄዳ እግሯን ነከረች።

«አባባ፣ ዛሬ ከቁርጭምጭሚቴ አላሳልፈውም» አለች።

«ይበቃል። ወደ ቤትሽ እንመለስ።»

ባሏ አለበል ከደጅ ሲያያቸው እንባ ቀደመው። ወለላም በየሳምንቱ ከመንደሯ ጅረት እየወረደች ተለማመደችና ለጥምቀት ጨሞጋን በእግሯ ተሻገረች።

መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሰብስበው መከሩ። «ልቡ የደለቀበት ሁሉ ጋኔን የያዘው አይደለም፤ የሚጠብቀው ዘበኛ ደንግጦበት ይሆናል። ጸሎት አድርጉለት፣ ሐኪምም አሳዩት፣ ከቤት ግን አታስወጡት። እንዲህ ካደረግን ትዳር አይፈርስም፣ በሽተኛም ሕክምና አያጣም።» ወደ ወለላ እያመለከቱም ጨመሩ፦ «ይህች ልጅ ስትነግረኝ አድምጫት ቢሆን፣ ያን መንገድ ባልጀመርሁት ነበር።»