በሃያ በሃያ የሚቆጥር ሚዛን

ለትምህርት ቤታችን አጥር ሲሚንቶ ጭነን ስንመለስ መኪናችን ከክብደት መቆጣጠሪያው በር ላይ ተገተረ። ሾፌሩ ክላክሱን ቢያስጮህም የሚሰማው ጠፋ። መምህር ነኝና መዘግየት አልወድም፤ ምን እንደተፈጠረ ለማየት ወረድኩ። ስልሳ ቶን በሚችለው የብረት ወለል መካከል አንድ ወፍራም ሰው ጫማቸውን አውልቀው፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ለብቻቸው ቆመዋል። በሚዛን ቤቱ መስኮት የሚታየው ቁጥር መቶ አርባ ይላል።

ሰውየው የሚዛኑ ኃላፊ ናቸው። ሾፌሮች «ጋሽ ሚዛን» ይሏቸዋል፤ በሃያ አምስት ዓመት አንድም ትርፍ ጭነት አላሳለፉም።

«ሁለት ወር ሙሉ ያው መቶ አርባ!» አሉኝ፣ የቆየ ወዳጃቸው ይመስል። «ጨጓራዬን ቆርጠው ሲጥሉ ክብደቴን የት ሸሸጉት?»

ይህን ሲሉ የእህታቸው ልጅ ከታክሲ ወርዳ ደረሰች። ቀዶ ሕክምናው በተደረገላቸው ሆስፒታል የአመጋገብ ባለሙያ ናት። ሁለት ቀጠሮ ስለቀሩባት ልትፈልጋቸው መምጣቷ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«እመዘናለኋ! የእናንተን መጫወቻ ሚዛን አላምንም።»

«ይኼ እኮ በሃያ በሃያ ኪሎ ነው የሚቆጥረው፤ መሐል ያለውን ወደሚቀርበው ያጠጋጋዋል። ለቀዶ ሕክምናው ሲተኙ መቶ አርባ ዘጠኝ ነበሩ፤ ባለፈው እሑድ ቤት ስመዝንዎ መቶ ሠላሳ አንድ። ለዚህ ሚዛን ሁለቱም መቶ አርባ ናቸው። አሥራ ስምንት ኪሎ እኮ ጥለዋል!»

«ስለ ሚዛኔ አንቺ ትነግሪኛለሽ? ሾፌር አሥር ኪሎ ቀነስኩ ብሎ ቢምልልኝ ቁጥሩ ካልወረደ አላሳልፈውም። ታዲያ ለራሴ ላዳላ?»

እውነቱን ልናገርና በዚህ ቃላቸው አከበርኳቸው። ለራሱ የማያዳላ ኃላፊ ስንት አለ? ነገር ግን ቀጥተኝነት ቦታውን ሲስት ድርቅና ይባላል።

«ግብዎ ስንት ነው?» አለች።

«ሰባ ኪሎ፣ በሦስት ወር። በሠርጌ ፎቶ ላይ ሰባ ነበርኩ።»

«በፎቶው ላይ ሃያ አራት ዓመትዎም ነበር። እሱንስ በሦስት ወር ይመለሱበታል?»

እኔም የመምህርነቴ ነገር አላስችል ብሎኝ «መምህር ነኝና ልምከርዎ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል...» ብዬ ጀመርኩ።

«እንቁላሉን ተወው መምህር! ምግብ ካቆምኩ ሦስት ቀኔ ነው።»

ልጅቱ ደነገጠች። «ውኃስ?»

«በቀን አንድ ብርጭቆ። ውኃም ክብደት አለው።»

ወዲያው እጃቸውን ይዛ ከሚዛኑ አወረደቻቸውና ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው። ቀና ሲሉ አዙሯቸው ትከሻዬን ያዙ። ከቦርሳዋ ውኃ አውጥታ ጥቂት በጥቂት እያስጎነጨች «ጋሼ፣ ይኼ መክሳት አይደለም፤ ራስን መግደል ነው» አለቻቸው። «ትርፍ የጫነ መኪና ሲመጣብዎ ጭነቱን ባንድ ጊዜ ይንዱታል?»

«ምን አበድኩ? ባንድ ወገን ከተናደ ይገለበጣል! ኩንታል በኩንታል አስወርጄ ደግሜ እመዝናለሁ።»

«ለሰው መኪና ያዘኑትን ለገዛ ገላዎ ምነው ነፈጉት?»

ጎንበስ አሉና ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ።

«ከሁለት ወር በፊት ይኼን ማሰሪያ ማን ነበር የሚያስርልዎ?»

እጃቸው ቆመ። «ሚስቴ» አሉ። ቀጥለውም «ይኼ አይቆጠርም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ለስልሷል።

«ለመሆኑ ሰባ ኪሎ ምን ያደርግልዎታል?»

ማሰሪያውን አጥብቀው ቀና አሉ። እናታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖሩ፣ ደረጃው ስለሚያፍናቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ከታች ሆነው በመስኮት ብቻ እንደሚያናግሯቸው ነገሩን። «ሰባ ሳልሆን አልወጣም ብዬ ምያለሁ።»

«አያቴ ዘጠና ዓመቷ ነው፤ ሰባ እስኪሆኑ ትጠብቅዎታለች?»

ጋሽ ሚዛን መሐረባቸውን ፈለጉ። ከኋላ የተሰለፉት መኪናዎች ክላክስ ቢያቀልጡትም የቸኮልኩ እኔ ራሴ እጄን አንሥቼ ታገሡ አልኳቸው። በመጨረሻ «እሺ፣ ምን ላድርግ?» አሉ።

በክብደት ማረጋገጫ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈችላቸው። ውኃ በትንሽ በትንሹ፣ ቀኑን ሙሉ። እንቁላል፣ ምስር ወይም ዓሣ ከሌላው ምግብ አስቀድሞ። በየቀኑ አሥር ደቂቃ እርምጃ። በዚህ ሳምንት የአንድ ፎቅ ደረጃ ብቻ፤ ያ ሲቀል ሁለት። «ኪሎውን መቁጠር ለእኔ ይተዉልኝ። ቀጠሮ ግን እንዳይቀሩ።» ወረቀቱን ሁለቴ አንብበው እንደ ደረሰኝ ፈረሙበት።

ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶ ለመጫን በተመላለስን ቁጥር ያየሁትን ልመስክር። በሰባተኛው ሳምንት ሐኪማቸው የስኳር በሽታ ክኒናቸውን በግማሽ ቀነሰላቸው፤ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ተቀምጠው ያንቀላፉ የነበሩት ሰው ጋደም ብለው መተኛት ጀመሩ፤ አውቶቡስም ያለ ደጋፊ ይሳፈራሉ። ሰባ ኪሎ ግን ገና ሩቅ ነው፤ ሐኪሙም እዚያ እንደሚደርሱ ቃል አልገባላቸውም። አንባቢዬ ሆይ፣ ከቀዶ ሕክምና የተነሣ ሰው ነገ የሚጨብጠውን ግብ ይያዝ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላልና።

በስምንተኛው ሳምንት እሑድ እኔንም ጋብዘውኝ ወደ እናታቸው ቤት የሦስተኛውን ፎቅ ደረጃ ወጣን። እሳቸው ከፊት፣ የእህታቸው ልጅ ከጎን፣ እኔ ወንበር ተሸክሜ ከኋላ። በየፎቁ ወንበሩን አስቀምጥላቸዋለሁ፤ ትንፋሻቸው ሲመለስ አንሥቼ እከተላለሁ። ለአንድ መምህር የሚመጥን ሥራ ነው አልልም፤ ግን ኮራሁበት።

እናታቸው በሩን ከፍተው ልጃቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው።

«ምነው ልጄ፣ አለቅህ እኮ! ሥጋህ የት ሄደ?»

የጋሽ ሚዛን እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«እማዬ፣» አሉ፣ «እስቲ ድገሚልኝ።»